ጓሳ፦ በሕግ የቆመ ዱር

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደራቁ፣ የገብሱ ማሳ ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሣር ነው። እንደ መስክ ሣር መሬት ላይ የተነጠፈ ሳይሆን ጉብታ ጉብታ ሠርቶ የበቀለ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ከአረንጓዴ ወደ ብርማ የሚለወጥ ረጅም ሣር። በመካከሉ ጅብራ ራሱን ችሎ ቆሟል። በምሥራቅ በኩል ደጋው በገደል ተቆርጦ ወደ ስምጥ ሸለቆ ይወርዳል፤ ጭጋጉም ጠዋት ጠዋት ከዚያ እየተነሳ ሜዳውን ይሸፍነዋል። ሥፍራው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኘው ጓሳ ነው።

እዚህ የሚመጣ እንግዳ ዙሪያውን አይቶ መጀመሪያ የሚያስበው የሰው እጅ ያልነካው አገር ላይ እንደደረሰ ነው። ቀይ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ ሲያድን፣ በመቶዎች የሚቆጠር ጭላዳ ሣር ሲነጭ ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጓሳን ብዙ እጅ ነክቶታል። ለዘመናት ታጭዷል፣ ከብት ግጦበታል፣ ማገዶ ተለቅሞበታል። በዙሪያው ያለው ተራራ ሁሉ ሲታረስና ሲራቆት ይህ ብቻ የተረፈው ሰው ሳይደርስበት ቀርቶ አይደለም፤ የደረሰበት ሰው ራሱን የሚገድብበት ሕግ ስላወጣ ነው። የዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

በመጀመሪያ ስለ ምድሩ። አባቶቻችን አገሩን በከፍታ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ከከፈሉ በኋላ ከሁሉም በላይ ያለውን ውርጭ ብለውታል። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ከፍታ ውስጥ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውርጭ ነው። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ወጥቶ ደጋውን ያለበሰው ቅልጥ አለት ሲሆን፣ የስምጥ ሸለቆው መከፈት ደግሞ ምሥራቃዊውን ጠርዝ ገደል አድርጎታል። በዚህ ከፍታ ትልቁ የአየር ለውጥ በወቅትና በወቅት መካከል ሳይሆን በቀንና በሌሊት መካከል ነው። ቀን ፀሐይ ቆዳ ታከስላለች፤ ሌሊት ሙቀቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ በበጋ ወራት ጠዋት ሲነሱ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። እዚህ የሚኖር ተክልም ሆነ እንስሳ በየሃያ አራት ሰዓቱ ከሐሩር ወደ ብርድ መመላለስ የሚችል መሆን አለበት።

ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የአፍሪካ ምድር አብዛኛው የሚገኘው በኢትዮጵያ ነው። በበረዶ ዘመን ዓለም ስትቀዘቅዝ እንዲህ ያለው ቀዝቃዛ ሣራማ ምድር ወደ ታች ወርዶ ሰፊ ደጋ ይሸፍን ነበር። የቀይ ቀበሮ ቅድመ አያቶች ከዩራሲያ ወደ እኛ ደጋ የመጡት ከ100,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይታሰባል፤ ለዚህም ነው ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ከሰሜኑ ተኩላ ጋር የሚዛመደው። ኋላ ዓለም ስትሞቅ ደኑ ሽቅብ ወጣ፤ ቀዝቃዛው ምድር እየተሰበሰበ በተራሮች አናት ላይ ብቻ ቀረ። ከደኑ በኋላ ደግሞ ማረሻው ወጣ። ባሌ፣ አርሲ፣ ስሜን፣ ወሎ፣ መንዝ ዛሬ አንዱ ከሌላው በእርሻ የተለየ ደሴት ነው። ከጓሳ ተነስቶ ባሌ መድረስ የሚችል ቀበሮ የለም።

ውሃውንም ማንሳት ግድ ነው፤ ለመንዝ ገበሬ ከቀበሮውም ከጭላዳውም ይበልጣልና። ከጓሳ በስተምዕራብ የሚወርዱት ምንጮች ወደ ጀማ ገብተው ከዓባይ ይቀላቀላሉ፤ በስተምሥራቅ በገደሉ የሚወርዱት ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። ሣሩ ዝናቡንና ጭጋጉን ይዞ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ስለሚያሰርገው ክረምቱ ካለፈ በኋላም ምንጩ አይደርቅም። አጠገቡ ያለውን የታረሰ ገደላገደል በሐምሌ ያየ ሰው ልዩነቱን አስረዱኝ አይልም፤ ከማሳው የሚወርደው ጎርፍ ቀይ ነው፣ ከጓሳ የሚወርደው ውሃ የጠራ ነው።

ሥፍራው ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ጓሳ የእጽዋት ባለሙያዎች ፌስቱካ ከሚሉት ወገን የሆነ ሣር ነው። የሞተው ቅጠል ከሥሩ አይወድቅም፤ እንደታቀፈው ይቆይና መሐሉ ላይ ያለውን ለጋ እምቡጥ ከውርጭ ይከላከልለታል። ክምር ክምር ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ጅብራም በራሱ መንገድ ከብርድ ጋር ይታገላል፤ ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ጥቅጥቅ አድርጎ እምቡጡን እየጠበቀ ይኖርና አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ የአበባ ግንድ አውጥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። አስታ፣ ጦስኝ፣ ሁሉም በዚህ ብርድ ውስጥ የሚያድጉት በዝግታ ነው። ይህን ዝግታ አንባቢ ልብ ይበል። በወይና ደጋ የታጨደ ሣር በዓመቱ ይመለሳል፤ ጓሳ ግን አንዴ ከታጨደ ወደ ቁመቱ ለመመለስ ዓመታት ይፈልጋል። የመንዝ ሰው ሕጉን የሠራው ይህን አውቆ ነው።

ሣሩ ለምን ይህን ያህል ተፈለገ? በመንዝ ዛፍ ብርቅ ነው፤ ቤት የሚሠራው በድንጋይ ነው፤ የድንጋዩ ቤት የሚከደነው በጓሳ ነው። ዝናብ አያስገባም፣ እንደ ጭድ ቶሎ አይበሰብስም። ከዚያው ሣር ገመድ ይገመዳል፣ እረኛው በክረምት የሚደርበው ገሳ ይሠራል፣ ፍራሽ ይሞላል። የተረፈው ታስሮ በአህያ ተጭኖ ገበያ ይወጣል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ጓሳ የከብትና የበግ መትረፊያ ነው። በመንዝ ኑሮ የሚቆመው በገብስና በበግ ላይ ነው፤ ገብሱን ውርጭ ወይም የበልግ መቅረት ሲመታው ቤተሰቡን የሚይዘው በጉ ነው። የመንዝ በግ ጠጉሩ ረጅምና ሸካራ ነው። ሴቶች ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሠራዋል፤ ባናው፣ ዝተቱና በርኖሱ ከዚያ ይወጣል። ያለ ግጦሽ በግ የለም፤ ያለ በግ በዚያ ብርድ የሚለበስ የለም።

ቀሮ የሚባለው የጓሳ መጠበቂያ ሥርዓት የተጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ጊዜው መንዝ ማማ፣ ላሎና ጌራ በሚሉ ስሞች የተከፈለበት፣ ነጋሢ ክርስቶስ ከዚያው ከመንዝ ተነስቶ የሸዋን ሥርወ መንግሥት ያቆመበት ዘመን ነው። ትውፊቱ ጓሳን ያቀኑትን አባቶች አስቦና ጌራ ይላቸዋል። መሬቱን ለሁለት ተካፈሉት፤ ወሰኑም በፈረስ ግልቢያ ተለየ ይባላል። ከዚያ በኋላ ተወላጆቻቸው የየድርሻቸውን በአጽመ ርስት ያዙ። ከእርሻ መሬቱ የሚለየው አንድ ነገር ነበር። እርሻው በየቤተሰቡ ሲከፋፈል ጓሳ አልተሸነሸነም። የአስቦ ወገን የአስቦን፣ የጌራ ወገን የጌራን በጋራ ያዘው።

እያንዳንዱ ወገን አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣል። አፈሮው የሚመረጠው በተጠቃሚዎቹ ነው፤ ጥፋት ከተገኘበትም የሚሽሩት እነሱው ናቸው። ሥራው ጓሳ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ከሽማግሌዎች ጋር መወሰን፣ ጥበቃውን ማሰማራትና አጥፊውን መዳኘት ነበር። ጓሳ ሲዘጋ ለአንድ ክረምት ብቻ አይደለም። እንደ ሣሩ ዕድገትና እንደ ሕዝቡ ችግር መጠን ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ተዘግቶ ይቆያል። በእነዚያ ዓመታት ማጨድ፣ ማሰማራት፣ ማገዶ መልቀም ሁሉ ክልክል ነው። ማረስማ በተከፈተበትም ዓመት አይታሰብም።

ሣሩ ደርሷል ሲባል አፈሮው ሄዶ ያያል፤ ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ የመክፈቻው ቀን ሰው በሚሰበሰብበት በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ይነገራል። ብዙውን ጊዜ ቀኑ የሚውለው በበጋው ማብቂያ፣ በሌላው ቦታ መኖ በሚጠፋበት ወቅት ነው። በመጀመሪያ የሚገባው ማጭድ ነው፤ ለቤት ክዳን የሚሆነው ከታጨደ በኋላ ነው ከብት የሚለቀቀው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ከብቱ ረግጦ የሚያበላሸውን ሣር ማንም ሊከድንበት አይችልም ነበር። ክረምቱ ሲገባ ሰውም ከብትም ይወጣል፤ ጓሳ እንደገና ይዘጋል። በመካከሉ ክፉ ቀን ከመጣ፣ ዝናብ ቀርቶ ከብት ማለቅ ከጀመረ፣ ቀኑ ሳይደርስ ሊከፈት ይችላል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ግን የወጣው ሰው እንዲኖር መሆኑን አይረሳም።

ጥበቃው የሁሉም ግዴታ ነበር። አፈሮው በጠራው ቀን እያንዳንዱ አባወራ ወጥቶ ሜዳውን ያስሳል። የቀረ ይቀጣል። ሰርቆ ያጨደ ወይም ያሰማራ ቅጣቱ የከፋ ነው፤ ቤት እስከ ማቃጠል የሚደርስበት ጊዜ እንደነበር ሲነገር ኖሯል። ዛሬ ላይ ሆነን ስንሰማው ይሰቀጥጣል፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም። ሌላም ያልተስተካከለ ነገር ነበረው። የዘር ሐረጉን ከአቅኚዎቹ መቁጠር ያልቻለ ሰው፣ ከጓሳ አጠገብ ተወልዶ ቢያረጅም እንኳ፣ ድርሻ አልነበረውም። ቀሮን እንደ ወርቃማ ዘመን አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ይህን ይዘሉታል። እኔ ግን መዘለል የለበትም እላለሁ፤ ምክንያቱም በኋላ የመጣውን ጥፋት ለመረዳት ከውጭ የቀረውን ሰው ቁጭት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሕጉ ለሰው ሲባል ወጣ፤ ጥላው ሥር ግን ሌሎች ፍጥረታት ኖሩ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም። ዘመዶቹ በአንድ ወቅት በመላው አፍሪካ ተሰራጭተው የነበሩ ትልልቅ ዝንጀሮዎች ሲሆኑ ሁሉም ጠፍተው እሱ ብቻ ቀርቷል። ከዝንጀሮ ወገን ዋና ምግቡን ሣር ያደረገ ሌላ የለም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር ሲለቅም ይውላል፤ የአውራ ጣቱና የአመልካች ጣቱ አሠራር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳም ከዚሁ አቀማመጥ ጋር ይያያዛል ይባላል፤ ብዙ ሰዓት በመቀመጫው ስለሚውል ሌሎች ዝንጀሮዎች በኋላ አካላቸው የሚያሳዩትን ምልክት እሱ በደረቱ ያሳያል። ሲመሽ ነብርና ጅብ ወደማይደርስበት ገደል ወርዶ ያድራል፤ ሲነጋ ተመልሶ ይወጣል። በጓሳ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የሚካሄደው የጭላዳ ጥናት አንድ ጠቃሚ ነገር አሳይቷል። ምድሩ ባልተራቆተበት በዚህ ሥፍራ ጭላዳ የሚመገበው ከ50 የሚበልጥ የተክል ዓይነት ነው። ሌላ ቦታ ሣር ብቻ ሲበላ የታየው አንዱ ምክንያት የተረፈለት እሱው ብቻ ስለሆነ ሊሆን ይችላል።

ቀይ ቀበሮ ደግሞ በዓለም ላይ ያለው አዋቂ ቁጥር 500 አይሞላም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ ነው፤ በጓሳ ያለው በጥቂት አሥሮች የሚቆጠር ነው። በመንጋ ይኖራል፣ ወሰኑን በመንጋ ይጠብቃል፣ ሲያድን ግን ብቻውን ነው፤ ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነውና ለአንድ አይጥ ብዙ አዳኝ አያስፈልግም። አይጧ በበኩሏ የምትኖረው በጓሳው ጉብታ ሥር ነው። ሣሩ ካለ መጠለያም ምግብም አላት። ሣሩ ከተጋጠና ከተረገጠ አይጧ ትቀንሳለች፤ አይጧ ከቀነሰች ቀበሮው ግልገል አያሳድግም። አፈሮው ሜዳውን ሲዘጋ የቀበሮ ቁጥር እያሰበ አልነበረም፤ ሆኖም ለቀበሮው የሚበጀው ያው ውሳኔ ነበር።

በጓሳ ከተጻፉት ጥናቶች ሁሉ የሚደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የቀበሮና የጭላዳ ጥናት ነው። ጭላዳ ውሻ ሲያይ ወደ ገደል ይሮጣል። ቀይ ቀበሮ በመካከሉ ሲገባ ግን አይሸሽም። ቀበሮውም መንጋው ውስጥ ሲሆን አካሄዱን ይለውጣል፤ ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ድንገት አይወረወርም፣ እናቱ ሥር ያለውን የጭላዳ ልጅ አይቶ ያልፋል። ተመራማሪዎቹ የአደኑን ውጤት ሲቆጥሩ፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ የሚሳካለት አንዱ (25 በመቶ) ሲሆን፣ በጭላዳ መካከል ሲያድን ግን ወደ 67 በመቶ ከፍ አለ። ጭላዳው ሣር ሲነጭ አይጧን ያስነሳታል፣ ወይም የመንጋው ብዛት ቀበሮውን ይሸፍንለታል ተብሎ ይገመታል። አንድ ጊዜ ሥርዓቱን ጥሶ የጭላዳ ልጅ የያዘ ቀበሮ በመንጋው ተሯሩጦ መባረሩም ታይቷል። ይህ ሁለቱም በሰላምና ለረጅም ዘመን አብረው በኖሩበት ምድር ብቻ የሚታይ ነገር ነው። ሁለቱን በግቢ አጥሮ በማኖር የሚገኝ አይደለም።

ቀሮ የተቋረጠው በአብዮቱ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ንብረት ሲያደርግ አጽመ ርስትም አብሮ ተሻረ። ለመቶ ዓመታት ያለ መሬት የኖረ ብዙ ኢትዮጵያዊ በዚያ ቀን ያገኘውን ነፃነት ማንም አይክድም፤ በመንዝም ከአቅኚዎቹ ዘር ያልተቆጠሩት ሰዎች ጓሳ የመግባት መብት ያገኙት ያኔ ነው። ችግሩ አዋጁ የባለመብቱን ዝርዝር ሲያሰፋ ገደቡን አብሮ ማንሳቱ ነበር። አፈሮው ሥልጣን አጣ። በምትኩ የመጣው የገበሬ ማኅበር የእርሻ መሬት የሚያከፋፍል እንጂ ሣር የሚያስጠብቅ አልነበረም። ማን እንደሚዘጋ፣ ማን እንደሚከፍት የሚናገር ጠፋ። ዓመቱን ሙሉ ይታጨድ፣ ዓመቱን ሙሉ ይጋጥ ጀመር፤ በዳርቻውም ማረሻ ገባ።

ጓሳ በዚያው ሳይጠፋ የቀረው ሽማግሌዎቹ ሥርዓቱን በቃላቸው ስለያዙት ነው። ገበሬዎቹ ራሳቸው ሣሩ ሲያልቅ እያዩ ከየአጥቢያው ሰው መርጠው ጥበቃውን በአዲስ መልክ ጀመሩት። ዶ/ር ዘለዓለም ተፈራ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀይ ቀበሮን ሊያጠና ወደ መንዝ በሄደ ጊዜ ጥናቱ ወደ ቀሮ የመራው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ቀበሮው ለምን እዚህ ተረፈ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከሽማግሌ ዘንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የጨረሰው የዶክትሬት ጥናቱ ርዕስም ያደረገው የጋራ ሀብት አስተዳደርን ነው። ከዚያ ወዲህ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ተወካዮች የሚቀመጡበት ጉባኤ ተቋቋመ፤ መተዳደሪያ ደንብ ተጻፈ፤ ከራሱ ከሕዝቡ የተመለመሉ ስካውቶች ተሰማሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአማራ ክልል ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው። በዚህኛው ሥርዓት መብት በዘር ሐረግ አይለካም፤ ቤትም አይቃጠልም። ከቀድሞው የቀረው ዋናው ነገር ነው፦ ሣሩ ጊዜው እስኪደርስ ይዘጋል፣ የሚዘጉትም ተጠቃሚዎቹ ናቸው።

ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ነበር። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ትርፉን ለብቻው ይወስዳል፣ ጉዳቱን ግን ከሁሉም ጋር ይካፈላል፤ ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፣ መስኩም ይሞታል። መፍትሔው ወይ ለግል መስጠት ወይ መንግሥት መቆጣጠር ነው ተባለ፤ በዚህ ሐሳብ ተመርተው ብዙ መንግሥታት የነባር ሕዝቦችን የጋራ መሬት ወሰዱ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በዓለም ዙሪያ የጋራ ሀብታቸውን ለዘመናት ያቆዩ ሰዎችን አጠናች። ከነሱ አንዷ በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ያለችው ተርበል የምትባል መንደር ናት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1517 የወጣ ደንብ ማንም ሰው በክረምት መመገብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው መስክ እንዳይልክ ይከለክላል። ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ስታገኝ በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሃርዲንም ኋላ ላይ የሚጠፋው አስተዳዳሪ የሌለው የጋራ ሀብት ነው ሲል ሐሳቡን አርሟል። ጓሳ ሁለቱንም አይቷል፤ ከ1967 ዓ.ም. በፊት የኦስትሮምን፣ ከዚያ በኋላ የሃርዲንን።

የሰው እጅ ያልነካው ዱር የሚለው ሐሳብ ብዙ ጉዳት አድርሷል። በካሊፎርኒያ ዮሴሚቲ ሸለቆ የሚኖሩት የአዋኒቺ ሰዎች የሸለቆውን ወለል በየጊዜው በእሳት እያጸዱ፣ የሚመገቡትን የባሉጥ ፍሬ የሚሰጣቸውን ዛፍ እያሳደጉ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1851 የታጠቀ ጦር ገብቶ አባረራቸው። ኋላ የመጡት ጎብኚዎች ክፍት መስኩን አይተው የተፈጥሮ ሥራ ነው ብለው አደነቁ፤ እሳቱ በመቅረቱ ግን መስኩን ጥድ እየወረሰው ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1927 በሸለቆው ውስጥ የተከፈተው ታላቅ ሆቴል ስሙን ከነሱ ወሰደ፤ በፓርኩ ውስጥ የቀረችው የመጨረሻ መንደራቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1969 ፈረሰች። የእኛም አገር ከዚህ ነፃ አይደለም። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበሩት የግጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲወጡ ተደርጓል፤ ፓርኩ በዓመቱ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ተሰረዘ። በግጭ ግጦሹ በእርግጥ ከመጠን ያለፈ ነበር። ሰውን ከምድሩ ሳያወጡ መጠበቅ እንደሚቻል ግን ጓሳ በዚያው ክልል ቆሞ ይመሰክራል፤ መሠረቱ የተጣለበት ነባር ሥርዓት በየቦታው ባይኖር እንኳ መጀመሪያ መፈለግ ነበረበት።

ዛሬ በጓሳ በማኅበረሰቡ የሚተዳደር ማረፊያ ሎጅ አለ። ቅንጦት የለውም፤ እንግዳ ስንቁን ይዞ ይሄዳል፣ ማታ እሳት ዳር ይቀመጣል፣ ጠዋት ከስካውቱ ጋር ወደ ጭላዳው ይወጣል። ገቢው ለጥበቃውና ለአካባቢው ልማት ይውላል፤ ሴቶች የሚሠሩት የሱፍ ምንጣፍና ኮፍያም ገበያ አግኝቶበታል። ሆኖም ጓሳ በቱሪስት ቆሟል ብሎ የሚያስብ ተሳስቷል። ወረርሽኝና ጦርነት ጎብኚውን ባስቀሩባቸው ዓመታት ሣሩን ሕዝቡ የጠበቀው ሣሩን ስለሚፈልገው ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ምድር እየሞቀች ስትሄድ ገብስ በማይበቅልበት ከፍታ ገብስ መብቀል ይጀምራል፤ ውርጭ ሲጠብቀው የኖረው ወሰን ይላላል። ቤተሰብ ይበዛል፣ የእርሻ መሬት አይበዛም። ቆርቆሮ ጓሳን ከጣራ ላይ እያወረደው ነው፤ ሣሩ ለቤት ክዳን የማይፈለግ ከሆነ ልጁ እንደ አባቱ ለሣሩ ዘብ መውጣቱ ያጠራጥራል። ከሁሉም ፈጥኖ የሚገድለው ደግሞ ውሻ ይዞት የሚመጣው በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል፤ በጓሳ ያለው ጥቂት ቁጥር አንድ ክፉ ዓመት ላይችል ይችላል። ስለዚህ በዙሪያው ያለ ውሻ ሁሉ መከተብ አለበት፤ ይህ የወረዳውም የክልሉም ሥራ ነው፣ ለነገ የሚተውም አይደለም።

ወደ ጓሳ የምትሄዱ አንባቢዎቼ፣ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ። ከአካባቢው ስካውት ውጭ ወደ ሜዳው አትግቡ፤ ክፍያውንም በሕጋዊው ደረሰኝ ክፈሉ። ለጭላዳ ምግብ አትስጡ። ዝተት ወይም በርኖስ ካማራችሁ ከአዲስ አበባ ሱቅ ሳይሆን ከሠሩት ከመንዝ ሴቶችና ሸማኔዎች ግዙ። ቀበሮውን ካያችሁ በኋላ ደግሞ ጊዜ ወስዳችሁ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀመጡ፤ ሜዳው በእሳቸው ዕድሜ ስንት ጊዜ እንደተዘጋና እንደተከፈተ፣ ማን እንደወሰነ፣ ያጠፋ ሰው ምን እንደሆነ ጠይቁ፣ የሚሉትንም መዝግቡ። ቀሮን በአካል ያዩት ሰዎች እያለቁ ነው።